አማካሪዎቹን ማን ይሹም?
ስለ እንግሊዝ የዩኒቨርሲቲዎች ድጎማ ኮሚቴ

አንድ መንግሥት አማካሪ ጉባኤ ሲያቋቁም ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ አባላቱ ዕውቀት ነው፤ ሿሚው ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እንግሊዞች በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ሰባ አምስት ዓመት ተመላልሰውበታል። ነገሩ የከፍተኛ ትምህርት ጉዳይ ቢሆንም ቅሉ፣ በመጨረሻ የትምህርት ቤቱን መምህር የሚነካ ሆኖ ተገኝቷል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

በ1889 መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ኮሌጆች በዓመት 15,000 ፓውንድ ሲፈቅድ፣ ስለ አከፋፈሉ የሚመክሩትን ሰዎች የመረጠው ግምጃ ቤቱ፣ ማለት የገንዘብ ሚኒስቴሩ ነበር። በ1911 ሥራው ወደ ትምህርት ቦርድ ተዛወረ፤ ይኸውም ቦርድ ይባል እንጂ በሚኒስትር የሚመራ መሥሪያ ቤት ነበር። የትምህርት ነገር ለትምህርት መሥሪያ ቤት መሰጠቱ ለማንም ተገቢ ይመስላል። ሆኖም ስምንት ዓመት ብቻ ቈየ።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሁሉ ተቸግረው ነበር። የትምህርት ቦርድ ሥልጣን ግን ከእንግሊዝና ከዌልስ አያልፍም ነበር፤ ስኮትላንድና አየርላንድ የየራሳቸው አስተዳደር ነበራቸው። ሁሉን በአንድ ሚዛን የሚመዝን ጉባኤ፣ እጁ ሁሉ ዘንድ በሚደርስ ሚኒስትር መሾም ነበረበት። ስለዚህ በጁላይ 1919 የድጎማው ኮሚቴ ሲቋቋም፣ የገንዘብ ሚኒስትሩ ኦስተን ቼምበርሌን የትምህርቱን፣ የስኮትላንድንና የአየርላንድን ሹማምንት እያማከረ አባላቱን እንዲሾም ተወሰነ። የትምህርት ቦርዱ መሪ ፊሸር የታሪክ ሊቅ፣ ቀድሞም የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ አስተዳዳሪ ነበር፤ ሐሳቡንም ደገፈ። የመሾም ሥልጣኑን በፈቃዱ ለባልደረባው የሚለቅ ሚኒስትር በየዘመኑ አይገኝም።

ሌላም ምክንያት ነበር። ዩኒቨርሲቲዎቹ ትምህርት ቤቶችን የሚመረምረው መሥሪያ ቤት ነገ ደግሞ የእኛን ጉባኤ ቤት ይመረምራል ብለው ይሠጉ ነበር። ግምጃ ቤቱ ስለ ሒሳብ እንጂ ስለ ማስተማር የራሱ ዕቅድ አልነበረውም፤ ይህ ባዕድነቱ ለነጻነታቸው ጠቀመ። ንጉሠ ነገሥቱ የትምህርት ሚኒስትርነቱን ራሳቸው ይዘው የቈዩበትን ዘመን ለሚያስታውስ ለአገራችን አንባቢ፣ የሿሚው ማንነት ይህን ያህል ማከራከሩ ሳያስገርመው አይቀርም።

ገንዘቡ እየበዛ ሲሄድ ያው ባዕድነት እንቅፋት ሆነ። የሁሉን መሥሪያ ቤት ጥያቄ የሚዳኘው ግምጃ ቤት፣ ለዩኒቨርሲቲዎች ጠበቃም ዳኛም መሆን አልቻለም። በ1963 የሮቢንስ ኮሚቴ ሥራው ከግምጃ ቤቱ ይውጣ፤ ነገር ግን ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ሳይሆን አዲስ ወደሚቋቋም የኪነ ጥበብና የሳይንስ ሚኒስትር ይተላለፍ አለ። ከአባላቱ አንዱ ሺርማን ብቻውን ተለየ፤ ትምህርት ከታች እስከ ላይ አንድ ስለ ሆነ፣ ትምህርት ቤቱንና ዩኒቨርሲቲውን ሁለት ሚኒስትሮች ከተካፈሏቸው በመካከላቸው ያለው ግንብ ይጸናል ሲል ጻፈ። በእኔ ግምት ከሁሉ የበለጠ ያየው እሱ ነው፤ የሮቢንስም ሥጋት ግን ከንቱ አልነበረም።

መንግሥት የሺርማንን መንገድ መረጠ፤ ከኤፕሪል 1964 ጀምሮ ኮሚቴው የትምህርትና የሳይንስ ሚኒስትር ሆነ። ከ1968 ጀምሮም የመንግሥት ኦዲተር የዩኒቨርሲቲዎችን መዝገብ እንዲመረምር ተፈቀደለት፤ በግምጃ ቤቱ ዘመን ይህ ሲከለከል ኖሯል። ሮቢንስ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆችም ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር እንዲጣመሩ ጠይቆ ነበር። በዲሴምበር 1964 መንግሥት ኮሌጆቹ በአካባቢ አስተዳደሮች ሥር እንዲቈዩ ወሰነ። ሚኒስትሩ አንድ ሆነ፤ መምህሩ የሚሠለጥንበት ቤት ግን ከግንቡ ውጭ ቀረ።