የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ መቼና እንዴት ይመጠጣል?

በወልቂጤ ከተማ ጉብሬ ክፍለ ከተማ፣ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የኪራይ ቤቶች በርክተዋል። ለአንድ ቤተሰብ የተቆፈረ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ የብዙ ተከራዮችን ፍሳሽ እንዲሸከም ሲደረግ፣ ጣጣው ለጎረቤትና ለጓሮ አትክልትም ይተርፋል።

በማጠራቀሚያው ውስጥ ከባዱ ክፍል ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ቅባቱና አረፋው ይንሳፈፋል፤ በመካከል የሚቀረው ውኃ ወደ ማስረጊያው ጉድጓድ ያልፋል። ዝቃጩ ሲበዛ ግን ደረቁ ቆሻሻ ከውኃው ጋር አብሮ እየወጣ የማስረጊያውን አፈር ይደፍናል። ይህ ከሆነ በኋላ ማስመጠጥ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ አዲስ ማስረጊያ መቆፈር ግድ ይላል።

ስለዚህ ጉድጓዱ እስኪገነፍል መጠበቅ አይገባም። ዝቃጩና አረፋው ተደምረው የጥልቀቱን ሲሶ ሲይዙ የማስመጠጫው ጊዜ ደርሷል። ለመለካት ረጅም እንጨት ላይ ነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ እስከ ወለሉ ማውረድ በቂ ነው፤ የጠቆረው ክፍል የዝቃጩን ከፍታ ያሳያል። አንድ ሰው በዓመት 40 ሊትር ያህል ዝቃጭ ያጠራቅማል ተብሎ ቢሰላ፣ 4 ሜትር ኩብ የሚይዝ ጉድጓድ ለ6 ሰው ከ5 ዓመት በላይ ያገለግላል፤ ለ20 ሰው ግን 2 ዓመት እንኳ አይሞላም። አከራዮች ይህን ስሌት ከኪራዩ ገቢ ጋር አብረው ቢያስቡት መልካም ነው።

ሥራውን በበጋ ማሠራት ይመረጣል። በክረምት የከርሰ ምድር ውኃ ከፍ ስለሚል ጉድጓዱ ፈጥኖ መልሶ ይሞላል፤ ተሽከርካሪውም በጭቃ መንገድ ወደ ግቢ ለመግባት ይቸገራል። ፕላስቲክ፣ ጨርቅና የንጽሕና መጠበቂያ ወደ ጉድጓዱ የሚጣሉ ከሆነ የመምጠጫው ቱቦ ይዘጋል። በረኪና በብዛት መድፋትም ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል።

ማንም ሰው፣ ለአፍታም ቢሆን፣ ወደ ጉድጓዱ መውረድ የለበትም። በውስጡ የሚጠራቀመው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የማሽተት ስሜትን አደንዝዞ ይገድላል፤ የወደቀን ሰው ለማውጣት ተከትሎ የወረደም አብሮ ይሞታል። ሜቴን የሚባለው ጋዝ ደግሞ ስለሚቀጣጠል ክብሪትና ሲጋራ ከአፉ መራቅ አለባቸው። ክዳኑም ሕፃን ሊያነሣው የማይችል ይሁን።

የመጠጥ ውኃ ጉድጓድ ያለው ግቢ ከማጠራቀሚያውና ከማስረጊያው ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ ይኖርበታል። ይህ የጎረቤትን ጉድጓድም ይጨምራል።

ለአርሶ አደሮች የሚነሣው ጥያቄ ዝቃጩን ለማሳ ማዋል ይቻል እንደሆነ ነው። ጥሬው ፈጽሞ አይቻልም። የወስፋት እንቁላል በአፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ እንሰት የሚፋቀው መሬት ላይ በመቀመጥ፣ ቆጮውም የሚብላላው በአፈር ጉድጓድ በመሆኑ አደጋው የቀረበ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ፣ የአየሩ ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነበት አካባቢ ዝቃጩ አዲስ ሳይጨመርበት ከ1 ዓመት ተኩል እስከ 2 ዓመት እንዲቆይ ይመክራል። ከዚያ በኋላም ቢሆን ጥሬ ለሚበሉ እንደ ሰላጣና ካሮት ላሉ አትክልቶች ባይውል ይመረጣል።

የመጠጠው ተሽከርካሪ ጭነቱን የት እንደሚደፋ አስቀድሞ መጠየቅ የባለቤቱ ፈንታ ነው። ወንዝ ዳር የተደፋ ፍሳሽ ከታች ከብት የሚያጠጡትንና ልብስ የሚያጥቡትን ያገኛል።