ዜና ሰኑይ ዘላይፕዚግ

በ7482 ዓመተ ዓለም፣ በ1982 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በምሥራቅ ጀርመን በላይፕዚግ ከተማ የሆነው ነገር ይህ ነው። በዚያ ዘመን አገሩን የሚገዛው ኤሪክ ሆኔከር ይባል ነበር። ይህም ሰው ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም፤ በ1972 አዲስ አበባ መጥቶ ከደርግ ጋራ የወዳጅነት ውል ተፈራርሟል።

በላይፕዚግ በቅዱስ ኒቆላዎስ ስም የተሠራች፣ ከ800 ዓመት በላይ የቆየች ቤተ ክርስቲያን አለች። ሃይማኖቷ የሉተር ነው። ቄሷም ክርስቲያን ፉረር ነበሩ። ስማቸው በጀርመንኛ መሪ ማለት ነው፤ ከሂትለር ወዲህ ይህን ስም ይዞ መዞር ሳይከብድ አይቀርም። እርሳቸው ግን ጂንስ ሰደርያ የሚለብሱ፣ ሰው የማይመርጡ ካህን ነበሩ። በደጁም «ለሁሉም ክፍት ነው» የሚል ጽሑፍ ቆመ።

ከ1975 መግቢያ ጀምሮ በየሰኞው ከቀኑ በ11 ሰዓት ስለ ሰላም ይጸለይ ጀመር። ታላላቆቹ መንግሥታት በምሥራቁም በምዕራቡም ጀርመን የኑክሊየር ሚሳይል ያጠምዱ ነበርና። ወጣቶችም ነቢዩ ሚክያስ ስለ ሰይፍና ስለ ማረሻ የተናገረውን በጨርቅ አሳትመው በልብሳቸው ቢሰፉ፣ ፖሊስ እያስቆመ አስቀደዳቸው። ጸሎቱን ግን ብዙ ሰው አላወቀውም። አሥር ሰው ያልሞላበት ሰኞ ነበረ። ይህን ወሬ የሚጽፉ ሰዎች እነዚያን ሰኞዎች ዘለው ይሄዳሉ፤ እኔ ግን ዋናው ሥራ በዚያ ባዶ ወንበር ፊት የተሠራ ይመስለኛል።

ከዚህም በኋላ ከአገር ለመውጣት ፈቃድ ጠይቀው መንግሥት የጠመዳቸው ሰዎች ወደዚያች ቤት መጡ። ብዙዎቹ ጸሎት የማያውቁ ነበሩ። የቤተ ክህነቱ አለቆችም ፈርተው በ1980 ክረምት የወጣቶቹን ማኅበራት ጸሎቱን ከማዘጋጀት ከለከሏቸው። ብዙ ጠብ ሆነ፤ ኋላም ታረቁ። ደጁ ግን በዚህ ሁሉ አልተዘጋም።

መስከረም 1 ቀን 1982፣ እኛ ዕንቁጣጣሽ ስንል፣ ሰኞ ነበረ። በዚያ ቀን ፖሊስ ቤተ ክርስቲያኑን ከቦ ከጸሎት የሚወጣውን ሰው አፍሶ ወሰደ። ሕዝቡም የታሳሪዎቹን ስም ጽፎ በመስኮቱ ፍርግርግ ሰቀለ፤ አበባም ሻማም አኖረ። መስከረም 27 መንግሥቱ 40ኛ ዓመቱን ሲያከብር በየመንገዱ ሰው ተደበደበ፤ የተያዙትም በፈረስ ጋጣ ታጎሩ። አንድ የሚሊሺያ አዛዥም መሣሪያ አንሥተን መንግሥታችንን እንጠብቃለን ብሎ በጋዜጣ ጽፎ ነበር። በቤይጂንግ በቲያናንመን አደባባይ ከአራት ወር በፊት የፈሰሰውን ደም ያልሰማ አልነበረምና፣ እናቶች ልጆቻቸውን ከቤት አትውጡ አሉ።

መስከረም 29 ሰኞ ሆነ። ወታደርና ፖሊስ ከተማውን ሞላ። መንግሥትም 600 ያህል የፓርቲ ሰዎች ልኮ ወንበሩን ቀድመው እንዲይዙ አደረገ። ቄስ ፉረርም አላባረሯቸውም፤ እንኳን ደኅና መጣችሁ ብለው ተቀበሏቸው። ሊሰልሉ የመጡትም ተቀምጠው ወንጌል ሰሙ። በዚያች ማታ በሌሎች ሦስት አብያተ ክርስቲያናትም ተጸለየ። የሙዚቃው ሊቅ ኩርት ማዙር ከአንድ የነገረ መለኮት መምህር፣ ከአንድ ቀልደኛና ከሦስት የፓርቲ ሹሞች ጋራ ሆነው ሰላም እንዲጠበቅ የለመኑበት ቃል በከተማው ድምፅ ማጉያ ተነበበ።

ምእመኑ ሲወጣ አደባባዩ ሞልቶ ቆየው። 70,000 ሰው በከተማው ዙሪያ መንገድ ሄደ። ሻማ የያዘ ሰው በአንድ እጁ ይይዛል፣ በሌላው ከነፋስ ይከልላል፤ ድንጋይ የሚያነሣበት እጅ አይተርፈውም። የላይፕዚግ ሹሞችም ወደ በርሊን ደውለው ምን እናድርግ አሉ፤ መልሱ ዘገየ። ሰልፈኛው ከመብዛቱ የተነሣ ፖሊሱ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ጥይትም አልተተኮሰም። ሁለት ሰዎች ከሌላ ቤተ ክርስቲያን ግንብ ላይ ተሸሽገው ፊልም አነሡ፤ ፊልሙም በስውር ድንበር ተሻግሮ በምዕራብ ጀርመን ቴሌቪዥን ታየ።

ጥቅምት 8 ቀን ሆኔከር ከሥልጣን ወረደ። ጥቅምት 30 የበርሊን ግንብ ተከፈተ። በዚያው በዘመነ ማርቆስ፣ በጥር ወር፣ ሆኔከር ማደሪያ አጣ። ኡቬ ሆልመር የሚባሉ የሎቤታል ቄስ እርሱንና ሚስቱን በገዛ ቤታቸው ተቀብለው ለአሥር ሳምንት ያህል አኖሯቸው። የእኒህ ቄስ ልጆች በሆኔከር ዘመን ከፍ ወዳለው ትምህርት ቤት እንዳይገቡ የተከለከሉ ነበሩ። ብዙ ሰው ቄሱን ተቆጣ፤ የስድብ ደብዳቤም ጎረፈላቸው።

ቄስ ፉረር ከዚያ ወዲህ ለሥራ አጦች ሲደክሙ ኖረው በሰኔ 2006 ዐረፉ። በቅዱስ ኒቆላዎስ ሰኞ በ11 ሰዓት ዛሬም ይጸለያል።