በሂልደስሃይም ከተማ የሚገኘው የባለሉካንዳዎች ማኅበር ቤት

ሂልደስሃይም በሰሜን ጀርመን አገር የምትገኝ ጥንታዊት ከተማ ናት። በገበያዋ አደባባይ የቆመው ትልቁ የእንጨት ቤት «ክኖኸንሃወር አምትስሃውስ» ይባላል። ስሙ ለአፍ ቢከብድም ትርጉሙ የባለሉካንዳዎች ማኅበር ቤት ማለት ነው። የዚህም ቤት ታሪክ አንድ ጥያቄ ያስነሣል፤ ይኸውም የጠፋ ቤት እንደገና ቢሠራ ያው ቤት ነውን? የሚል ነው።

ቤቱ መጀመሪያ የተሠራው በ1529 ዓ.ም. ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። በዚያን ጊዜ በጀርመን ከተሞች የአንድ ሙያ ሰዎች በማኅበር ተሰብስበው የሥራቸውን ደንብ ይወስኑ፣ ለማጅ ልጆችንም ይቈጣጠሩ ነበር። የሂልደስሃይም ባለሉካንዳዎችም ሀብታቸውና ክብራቸው እንዲታይ ቁመቱ 26 ሜትር የሆነ ቤት አሠሩ። ምሰሶውና አግዳሚው ኦክ ከሚባለው ጠንካራ ዛፍ ነበር፤ ላይኛው ፎቅ ከታችኛው አልፎ ወደ ውጭ ይወጣል፤ እንጨቱም በቅርጽና በቀለም ያጌጠ ነበር።

በ1884 ዓ.ም. እሳት ላይኛውን ክፍል ቢጎዳውም ተጠገነ። ነገር ግን መጋቢት 22 ቀን 1945 ዓ.ም.፣ ጀርመን የጀመረችው ጦርነት በአውሮፓ ሊያበቃ ሰባት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ደበደቡ። ከአራት መቶ ዓመት በላይ የቆመው ቤት በአንድ ቀን ተቃጥሎ አመድ ሆነ።

ከጦርነቱ በኋላ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ለሕዝቡ መጠለያ ነበርና ቦታው ብዙ ዘመን ቆየ። በ1964 ዓ.ም. በሥፍራው አዲስ ሆቴል ተከፈተ። የከተማው ሰዎች ግን የድሮውን ቤት አልረሱትም። ሆቴሉ በ1987 ዓ.ም. ፈረሰ፤ ሕዝቡም ገንዘብ አዋጣ፤ አናጢዎችም 400 ሜትር ኩብ ያህል የኦክ እንጨት ጠርበው፣ በጥንቱ ዘዴ በእንጨት ችካል እያጋጠሙ፣ በ1989 ዓ.ም. ሥራውን ፈጸሙ። ላይኞቹ ፎቆች ለከተማው ሙዚየም ተሰጡ።

አንዳንዶች ይህ ቅጂ እንጂ እውነተኛው ቤት አይደለም ይላሉ። በርግጥ የ1529 እንጨት ተመልሶ አይመጣም፤ የቤቱም ማማር ጦርነት ያደረሰውን ጥፋት ሊያስረሳን አይገባም። ሆኖም ልኩ፣ ቅርጹና የእጅ ጥበቡ የቀደሙት ሰዎች ናቸው። እነዚህም የተገኙት ቤቱ ሳይቃጠል በፊት ንድፉንና ፎቶግራፉን ያስቀሩ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው። ያለ እነርሱ ገንዘብና ናፍቆት ብቻ ባልበቃም ነበር።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንደ ተባለው፣ እኛም ተማሪዎች በየአካባቢያችን ያለውን የቆየ ቤት ሳይፈርስ ብንለካው፣ ብንስለውና ታሪኩን ብንጽፈው ለሚመጣው ትውልድ ትልቅ ውለታ ነው።