ከታንኳ እስከ ጨርቃ ጨርቅ፦ ባሕር ዳርን ከተማ ያደረጋት ምንድን ነው?

«ባሕር ዳር የወደብ ከተማ ናት» ስል ፈገግ የምትሉ አትጠፉም። ወደብ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን አሰብ፣ ምጽዋ፣ ጅቡቲ ነው። ግን እኮ ስሟ ራሱ ይናገራል! ዛሬ ስለ ገዳማቱና ስለ ፏፏቴው ውበት አላወራም፤ እሱ ብዙ ተብሎለታል። የማወራው ስለ ሥራና ስለ ገበያ ነው።

መጀመሪያ ታንኳ ነበር። ሐይቁ ዳር የበቀለ ደንገል ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ እየታሰረ ታንኳ ይሆናል። ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ዕድሜው አጭር ነው፤ በወራት ውስጥ ሌላ መሥራት ግድ ይላል። ቢሆንም ሚስማር አይፈልግ፣ ነዳጅ አይፈልግ፣ ጥሬ ዕቃው ደጅ ላይ ነው።

ታንኳው ምን ይጭናል? እዚህ ላይ ዘጌን እንይ። በዘጌ በገዳማቱ ሥርዓት መሠረት በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ነው። ደኑ የተረፈው በዚህ ነው። ግን ሰው ቡናና ጌሾ በልቶ አያድርም። ስለዚህ የዘጌ ሰው ቡናውን፣ ጌሾውንና ማገዶውን ወደ ገበያ ያወጣል፣ እህል ገዝቶ ይመለሳል። ልብ በሉልኝ፦ ከጣና ዳር ነባር የንግድ መስመሮች አንዱን ያቆመው አንድ የገዳም ክልከላ ነው።

የታንኳው ጥበብ ባለቤቶች ደግሞ በዋናነት ወይጦዎች ናቸው። ሐይቁን ተከትለው የኖሩ፣ ዓሣ የሚያጠምዱ፣ ጉማሬ ያድኑ የነበሩ ሰዎች። እነሱን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባቸዋለሁ።

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ገባ። ሐይቁ ለጦር ስንቅና ለአስተዳደር እንደሚጠቅም ስለገባው የሞተር ጀልባ አመጣ፤ በሰሜን በኩል ጎርጎራ ላይ ወደብ ሠራ። ጣሊያን ሄደ፣ የጀልባው መስመር ግን ቀረ። ከባሕር ዳር ተነሥቶ ዘጌን፣ ደቅን፣ ቁንዝላን፣ ደልጊን እየነካ ጎርጎራ የሚደርሰው ጀልባ ለብዙ ዓመታት በሳምንት አንዴ ይሄድ ነበር። ቁንዝላ ላይ ይታደራል። መንገድ ላልደረሰላቸው የዳርቻ ገበሬዎች ገበያውም፣ ሐኪም ቤቱም፣ ፍርድ ቤቱም የሚገኘው በዚያ ጀልባ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ግን ሌላ ዓለም ነው። በ1948 ዓ.ም. ኢጣሊያ የጦር ካሣ ለመክፈል ተስማማች። በዚያ ገንዘብ ቆቃ ግድብ ተሠራ፤ እንደዚሁም የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ። በወረራ የመጣው ጣሊያን ጀልባ ትቶ ሄደ፣ በካሣ የከፈለው ጣሊያን ደግሞ ፋብሪካ አቆመ ማለት ነው። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ይቀልዳል።

እስቲ እነዚህን ሦስት ዓመታት አስተያዩ። ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም.፣ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተከፈተው ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም.፣ የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ በ1956 ዓ.ም.። ጢስ ዓባይ በዋናነት የተሠራው ለፋብሪካው መብራት እንዲሰጥ ነው። ፖሊቴክኒኩ ደግሞ ከሚያስተምራቸው ሙያዎች አንዱ ጨርቃ ጨርቅ ነበር። ማሽን፣ ኃይልና ባለሙያ በአራት ዓመት ውስጥ! ሰፋፊ መንገዶቿን ያሰመረው ፕላንም በጀርመን ባለሙያዎች የተነደፈው በዚያው ዘመን ነው።

ከዚያ በኋላ ከተማዋ በፈረቃ መኖር ጀመረች። የወር ደመወዝ የሚባል ነገር የጎጃም ገበሬ ልጅ እጅ ገባ። ደመወዝተኛ ካለ የሚከራይ ክፍል ይፈለጋል፣ ሻይ ቤት ይከፈታል፣ ልብስ ሰፊ ይመጣል። ብዙዎቻችሁ የተማራችሁት፣ ወላጆቻችሁ የተገናኙት በዚህ ምክንያት ነው ብል አላጋነንኩም።

ታዲያ ምን ጎደለ?

ከተማዋ ፊቷን ወደ ፋብሪካውና ወደ አስፋልቱ ስታዞር ጀርባዋን ለሐይቁ ሰጠች። ውኃው መንገድ መሆኑ ቀረና ጉልበት ብቻ ሆነ። በ1988 ዓ.ም. ገደማ የጨረጨራ ግድብ የሐይቁን መውጫ ያዘ፤ ጢስ ዓባይ ቁጥር 2 ተከተለ፤ በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው በለስ ተመረቀ። መብራቱ ያስፈልገን ነበር፣ አልክድም። ፏፏቴው ግን ሳሳ። ዓሣውም እንደዚያው ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ኡርክ ከምትባል የሆላንድ የዓሣ አጥማጆች ከተማ በመጣ ድጋፍ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ፤ ለአጥማጁ በረከት ሆነ። ቆይቶ ግን ዓሣው ሊራባ ወደ ወንዞቹ በሚወጣበት ወቅት አፋቸው ላይ መረብ ይጠብቀው ጀመር። በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ የጣና ዓሣ ዝርያዎች ቁጥራቸው አሽቆለቆለ። በላዩ ላይ እንቦጭ ተጨመረ።

አሁን ወደ ወይጦዎቹ ልመለስ። ለፋብሪካው ሸማኔ የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ለጀልባ ሠሪው የከፈተለት አልነበረም። ትውልድ በትውልድ ጣናን ሲያቋርጥ የኖረው ሰው ከታንኳ ወደ ተሻለ ጀልባ የሚሸጋገርበት ድልድይ አላገኘም። ከተማዋ ስትሰፋ ደግሞ ከሐይቁ ዳር እየተገፋ ሄደ። በ2017 ዓ.ም. «ጣናነሽ 2» ከጅቡቲ ወደብ ተነሥታ በከባድ መኪና ተጭና፣ ተራራ እየወጣች ስትመጣ ሁላችንም በስልካችን ስንከታተል ነበር። እኔም ደስ ብሎኛል። ግን ጀልባ የሚሠራ ሕዝብ ያላት ከተማ መርከቧን በአስፋልት ስታስመጣ ቆም ብሎ ማሰብ ደግ ነው። ዛሬ ዩኒቨርሲቲው የማሪታይም አካዳሚ አለው፤ ልጆቻችን በውቅያኖስ መርከቦች ላይ መሐንዲስ ይሆናሉ። ከእነሱ ጥቂቶቹ ጣና ዳር ቁጭ ብለው የጣናን ጀልባ ቢሠሩስ?

የእኔ ሐሳብ ይኸው ነው፦ የ1950ዎቹ ሰዎች ያስተማሩን ፋብሪካ ብቻውን ከተማ እንደማያቆም ነው፤ ኃይልና ትምህርት ቤት አብረው አቀዱ። የረሱት ሐይቁን የሚያውቀውን ሰው ነው። እኛ ሁለቱንም ከእነሱ መማር እንችላለን።

አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። አባቱ ወይም እናቱ ጨርቃ ጨርቅ የሠሩ፣ በጎርጎራው ጀልባ የተጓዙ፣ ታንኳ ያሰሩ ወይም የቀዘፉ ካሉ፣ እስካሉ ድረስ ጠይቋቸው። በየትኛው ፈረቃ፣ በስንት ብር፣ ከየት መጥተው እንደጀመሩ። ስልካችሁ ይቅዳላቸው። ከዚያ እዚህ ሥር ጻፉልን፤ የዚህች ከተማ መዝገብ ያለው እነሱ ጋ ነው።