የመርከብ ግንባር የታሪክ ምስክርነት

የእንጨት መርከብን አሳንሶ በአምሳያ መሥራት ለብዙዎች የትርፍ ጊዜ ሥራ ቢመስልም፥ በጥንቃቄ የተሠራ አምሳያ የመርከቢቱን ዘመን ለይቶ ይናገራል። ይህም ከሁሉ ይልቅ በግንባሯ አሠራር ይታወቃል፤ ቪክቶሪ የተባለችው የእንግሊዝ ባለ ሸራ የጦር መርከብ ለዚህ መልካም ምሳሌ ናት።

ቪክቶሪ በ1765 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ወደ ውሃ ስትወርድ፥ በግንባሯ ላይ የንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ ምስል ያለበት ታላቅ ቅርጽ ነበራት። በ1803 በተፈጸመው እድሳት ግን ይህ ተነሥቶ፥ ሁለት ሕፃናት የንጉሡን ጋሻና ዘውድ የደገፉበት ቀለል ያለ ቅርጽ ተተካ።

ከቅርጹ በስተኋላ ያለው ክፍል ደግሞ የበለጠ ያስረዳል። የግንባሯ ታችኛው አካል በወፍራም እንጨት የተሠራ ሲሆን፥ ላይኛው በስስ ሳንቃ የተዘጋ ጠፍጣፋ ግድግዳ ነበረ። በ1805 በትራፋልጋር ጦርነት ኔልሰን መርከቦቹን በጠላት ሰልፍ ላይ ፊት ለፊት በነዳ ጊዜ፥ ለመድፍ የተጋለጠው ይህ ደካማ ስፍራ ነበር። ከዚያ በኋላ መሐንዲሱ ሮበርት ሴፒንግስ ወፍራሙን እንጨት እስከ ላይ የሚያደርሰውን ክብ ግንባር አስፋፋ፤ ቪክቶሪም ከ1814 እስከ 1816 ስትታደስ ይህንኑ ተቀበለች። በ1922 በፖርትስመዝ ከውሃ ወጥታ በመጠገኛው ከቆመች በኋላ ግን፥ የትራፋልጋር መልኳ እንዲመለስ ጠፍጣፋው ግድግዳ ዳግመኛ ተሠራ።

እንግዲህ አምሳያ ሠሪው ክቡን ግንባር ለ1805ቷ መርከብ ቢሰጣት፥ ያልነበረች መርከብ መፍጠሩ ነው። ግድግዳውን በልኩ የሠራ ግን፥ በዚያ ቀን መርከበኞቹ ከምን ያህል ስስ እንጨት በስተኋላ እንደ ቆሙ ለተመልካች ያሳያል።