ሲስቲኮላ

ሲስቲኮላ በሣር ምድርና በረግረግ ዳር የሚኖሩ ትናንሽ ዘማሪ ወፎች ወገን ነው። ወደ 50 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹም የአፍሪካ ናቸው። ከሁሉ ሰፊ ስርጭት ያለው ሲስቲኮላ ጁንሲዲስ ከደቡብ አውሮፓ እስከ ሰሜን አውስትራሊያ ይገኛል፤ በጆሃንስበርግ ዙሪያም በኢትዮጵያም ይኖራል። አጭር ጅራቱን እንደ ማራገቢያ ስለሚዘረጋ በደቡብ አፍሪካ የወፍ መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ «ባለማራገቢያ ጅራት ሲስቲኮላ» ሲባል ቆይቷል።

ምደባ

ወገኑን በ1829 እ.ኤ.አ. የሰየመው ጀርመናዊው ዮሐን ያኮብ ካውፕ ነው። ብሪታንያዊው የባሕር ኃይል መኮንን ሂዩበርት ላይንስ ደግሞ በ1930 እ.ኤ.አ. ስለ ዝርያዎቹ ሰፊ ጥናት አሳትሟል። ሪፒዱራ የሚባሉት የእስያና የአውስትራሊያ ባለማራገቢያ ጅራት ወፎች ከሲስቲኮላ ጋር የቅርብ ዝምድና የላቸውም፤ በአፍሪካም አይገኙም።

መለያ

ሲስቲኮላ ጁንሲዲስ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመትና 10 ግራም ገደማ ክብደት አለው። ጀርባው ቡናማና ዥጉርጉር፣ የጅራቱ ጫፍ ነጭ ነው። ብዙዎቹ ዝርያዎች በላባ እጅግ ስለሚመሳሰሉ የወፍ ተመልካቾች የሚለዩዋቸው በዋናነት በድምፅና በአበራረር ነው። የጁንሲዲስ ወንድ ከፍና ዝቅ እያለ ሲበር ከፍ ባለ ቁጥር አንድ ጊዜ «ዚት» ይላል። ሲስቲኮላ አይረሲ ግን ከዓይን እስኪሰወር ወደ ላይ ይወጣና ክንፉን እያጮኸ ቁልቁል ይወረወራል።

በጆሃንስበርግ

የኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች መናኸሪያ የሆነው የመሀል ከተማው ሰፈር ጀፕ በሕንፃ የታጨቀ ነው፤ ሲስቲኮላን ለማየት ከመሀል ከተማው ወጣ ማለት ያስፈልጋል። በስተደቡብ ባለው በክሊፕሪቪርስበርግ ጥብቅ ስፍራ ድንጋያማ ኮረብታዎች ላይ ሲስቲኮላ ፉልቪካፒላ ይኖራል። በስተምሥራቅ በማሪቬል የወፎች መጠለያ ደግሞ ሸምበቆ ወዳዱ ሲስቲኮላ ቲኒየንስ ይታያል። ጁንሲዲስ፣ አይረሲና ቴክስትሪክስ ሃይቬልድ የተባለውን ገላጣ ደጋማ ሜዳ ይመርጣሉ።

በኢትዮጵያ

ሲስቲኮላ ሉጉብሪስ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ወፍ ነው። የጀርመኑ ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል ለሳይንስ ያስተዋወቀው ሲሆን እርጥብ ሣርና የረግረግ ዳር ይወዳል። ሲስቲኮላ ብሩኔሰንስና ሲስቲኮላ ሮበስተስም በደጋው ሣር ምድር ይኖራሉ። በደቡብ ኢትዮጵያ የሚገኘው ሲስቲኮላ ቦዴሳ በመልኩ ከሌላ ዝርያ ጋር ሲምታታ ዜማው ይለየዋል።

እርባታ

የጁንሲዲስ ወንድ ቆሞ ያለ ሣር በሸረሪት ድር እየሰፋ ከላይ ክፍት የሆነ፣ ጠርሙስ መሳይ ጎጆ ይሠራል፤ ውስጡን የምታለሰልሰው ሴቷ ናት። ኩኩ ፊንች የተባለችው ወፍ በሲስቲኮላዎች ጎጆ እንቁላሏን ጥላ ጫጩቷን ታስመግባቸዋለች። እርባታው ዝናብን ይከተላል፤ በጆሃንስበርግ የዝናቡ ወቅት ከጥቅምት አንስቶ ሲሆን በአብዛኛው የኢትዮጵያ ደጋ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው።

ጥበቃ

ጁንሲዲስ ለመጥፋት የተቃረበ ዝርያ አይደለም፤ በእነዚህ አካባቢዎች ግን የሣር መኖሪያው እየጠበበ ነው። ሰፊውን የሃይቬልድ ሣር ምድር እርሻ፣ ማዕድንና ከተማ ወስደውታል፤ የኢትዮጵያንም ደጋ ሜዳ እርሻና ግጦሽ ይሻሙታል። ጎጆው ከቆመ ሣር ጋር የተሰፋ በመሆኑ በእርባታ ወቅት ማጨድ ወይም ማቃጠል እንቁላሉንም ጫጩቱንም ያጠፋል። ስለዚህ ሣሩ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ሳይታጨድ እንዲቆይ ማድረግ ለእነዚህ ወፎች የሚደረግ ቀላልና ውጤታማ ጥበቃ ነው።