መረብ ያዘረጋው ድምፅ

ሆሊውድ ውስጥ ቻይኒዝ ቲያትር የሚባል ስመ ጥር ሲኒማ ቤት አለ። በ1974 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ኧርዝኩዌክ» የተሰኘው፣ ሎስ አንጀለስን ስላፈራረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚተርከው ፊልም ሲታይበት ከጣሪያው ሥር መረብ ተዘርግቶ ነበር። መረቡ ለጌጥ አልነበረም። ከድምፁ ብርታት የተነሣ የጣሪያው ልስን ቢረግፍ በተመልካቹ ራስ ላይ እንዳይወርድ ነው።

ለመሆኑ ይህን ያህል ያስፈራ ድምፅ ከየት መጣ? ከፊልሙ እንዳይመስላችሁ። የዚያን ጊዜው ተራ የፊልም ድምፅ እንዲህ ያለውን ጎርናና ነገር የመሸከም አቅም አልነበረውም። ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ «ሴንሰራውንድ» ብሎ በሰየመው ዘዴ ፊልሙ የሚያቀብለው ምልክት ብቻ ነበር። ምልክቱ ሲደርስ አንድ ሣጥን ጉርምርምታውን ራሱ ያመነጭና ሰርዊን-ቬጋ ለተባለው ኩባንያ ግዙፍ ስፒከሮች ይለቅላቸዋል። ጉርምርምታው ዜማ የለው፣ ቃል የለው፤ ቅጥ ያጣ ጫጫታ ነው። «ሚድዌይ» በ1976፣ «ሮለርኮስተር» በ1977 በዚሁ ዘዴ ታዩ። ነገር ግን ስፒከሮቹ ከመቀመጫ ጋር ቦታ ይሻማሉ፤ ግድግዳ ለሚጋሩ አዳራሾች ደግሞ መከራ ሆኑ። አንዱ ጸጥ ያለ የፍቅር ፊልም ሲያይ ጎረቤቱ መሬት ያንቀጠቅጥበታል። ዘዴው ብዙ ሳይቆይ ተተወ።

በ1977 «ስታር ዎርስ» ሲመጣ የዶልቢ ሰዎች ሌላ መላ ዘየዱ። ከ1955ቱ «ኦክላሆማ» ጀምሮ ይሠራበት የነበረው የቶድ-ኤኦ ባለ 70 ሚሊ ሜትር ፊልም ስድስት የማግኔት ድምፅ መስመሮች ነበሩት፤ አምስቱ ከስክሪኑ ጀርባ ለተደረደሩ ስፒከሮች፣ ስድስተኛው ለአዳራሹ ዙሪያ። ከአምስቱ መካከል በግራና በቀኝ በውስጥ በኩል ያሉት ሁለቱ ያን ያህል አያስፈልጉም ተባለና ለጎርናናው ድምፅ ተመደቡ። ባለሙያዎቹ «ቤቢ ቡም» አሉት። ያለውን ዕቃ አዛውሮ ሥራ ማስያዝ ማለት ይህ ነው! በእኔ ግምት በሲኒማ ድምፅ ታሪክ እንዲህ ርካሽና ብልህ የሆነ መላ ጥቂት ነው። በ1979 ለ«አፖካሊፕስ ናው» ደግሞ ጆን ማየር ለጎርናናው ብቻ የተሠራ ሳብዉፈር ይዞ ብቅ አለ።

ጉልበቱ ተገኘ፤ የቀረው ልኩ ነው። ድምፁን ያቀናበረው ሰው በስቱዲዮ የሰማውን፣ በሌላ ከተማ አዳራሽ የተቀመጠው ተመልካች እንዴት በዚያው መጠን ይሰማዋል? የሚገርመው፣ መልሱ ከዚያው ከጫጫታው ወገን ተገኘ። ሴንሰራውንድ ሕዝብ ያስደነግጥበት የነበረው ዓይነት ነገር ተገርቶ መለኪያ ሆነ። ስሙ ፒንክ ኖይዝ ነው። ከሩቅ የሚሰማ ፏፏቴ ይመስላል፤ በየኦክታቩ እኩል ጉልበት አለው። ይህ ድምፅ ወደ አዳራሹ ይለቀቅና በማይክሮፎን እየተለካ እያንዳንዱ የስክሪን ቻናል 85 ዴሲቤል ላይ እንዲቆም ይደረጋል። እንደ ሲፒ-50 ላሉት የዶልቢ ፕሮሰሰሮች ለዚሁ ሥራ የምትሰካ ትንሽ ካርድ ነበረች።

ከዚያ ዲጂታል መጣ። በ1992 «ባትማን ሪተርንስ» በዶልቢ፣ በ1993 «ጁራሲክ ፓርክ» በዲቲኤስ ታዩ። ሲኒማ ቤቶች ታዲያ አሮጌውን ፕሮሰሰር ወዲያው አልጣሉም፤ አዲሱን የዲጂታል ሣጥን በላዩ ቀጠሉበት፣ በብዙ ቦታም ለ70 ሚሊ ሜትር ፊልም በተሠራው ባለ ስድስት መግቢያ በኩል። ጣጣው የተወለደው እዚህ ላይ ነው። ፒንክ ኖይዙ በአሮጌው መንገድ ይገባል፤ የፊልሙ ድምፅ በአዲሱ። መለኪያው በአንድ በር፣ የሚለካው በሌላ በር! ቴክኒሻኑ አዝራሩን ሲያዞር ሳብዉፈሩ ጭራሽ ዝም ቢለው፣ ወይም ዛሬ ያስተካከለው ነገ ፊልም ሲታይ ሌላ ሆኖ ቢያገኘው፣ ሳብዉፈሩ ተበላሸ ብሎ ከመፍረዱ በፊት ጫጫታው የትኛውን ሽቦ ይዞ እንደሚሄድ መከተል አለበት። ዲቲኤስማ የባሰ ነው፤ የጎርናናው ድምፅ የራሱ መስመር የለውም። ከዙሪያው ቻናሎች ጋር ተጠቅልሎ ይመጣና ከ80 ኸርዝ በታች ያለው ተለይቶ ወደ ሳብዉፈር ይላካል። ይህን የማያውቅ ሰው የሌለ መስመር ሲፈልግ ይውላል።

ሽቦው ደኅና ሆኖም ቁጥሩ ሊያሳስት ይችላል። የሰው ጆሮ የሚሰማው ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ፣ ዐሥር ኦክታቭ ያህል ነው። ለሳብዉፈሩ የሚደርሰው ከ120 ኸርዝ በታች ያለው፣ ሁለት ተኩል ኦክታቭ ቢሆን ነው። በሌላ በኩል ጆሯችን ለጎርናና ድምፅ ስለሚደነዝዝ፣ በዲጂታሉ ሥርዓት ሳብዉፈሩ በራሱ ክልል ውስጥ ከስክሪኑ ቻናል 10 ዴሲቤል እንዲበልጥ ተወስኗል። የሚቀነሰውና የሚጨመረው ተደምሮ፣ በትክክል የተስተካከለ ሳብዉፈር በተራው ሜትር ከ89 እስከ 91 ያሳያል። «ሁሉም 85 ይሁን» ያለ ቴክኒሻን ሳያውቅ ያደክመዋል። የተገላቢጦሹም አለ፦ 10ሯን ዴሲቤል ዲጂታሉ ሣጥን ጨምሯት ሳለ ሌላው ሰው በአምፕሊፋየሩ ላይ ይደግማታል። ያን ጊዜ ወንበሩ እንደ 1974ቱ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ለዚህ ነው በድፍን ድምር ሳይሆን ድምፁን በየክልሉ ከፍሎ በሚያሳይ አናላይዘር መለካት የሚበጀው፤ ያውም አንድ ቦታ ቆሞ አይደለም። ጎርናና ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ አንዱን ወንበር ሲያጥለቀልቅ ሌላውን ባዶ ይተወዋልና።

ፊልም ከአዳራሾች በብዛት ከወጣ ወዲህ እነዚህ ፕሮሰሰሮች አሮጌ ፊልም የሚያሳዩ ጥቂት ሲኒማ ቤቶችና ሰብሳቢዎች እጅ ገብተዋል። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ማን ምን እንደበየደባቸው የሚናገር ወረቀት እምብዛም አይከተላቸውም። ሁሉ ተሞክሮ ጎርናናው አሁንም ቢሳሳ፣ ፒንክ ኖይዙን ለሳብዉፈሩና ለመካከለኛው ስፒከር ባንድ ላይ ለቆ የሳብዉፈሩን ሁለት ሽቦዎች ማቀያየር ነው። ሁለቱ በሚገናኙበት አካባቢ፣ 80 ኸርዝ ግድም፣ ድምፁ ከተነሣ እስካሁን አንዱ ሲገፋ ሌላው እየሳበ ይጣፉ ነበር ማለት ነው፤ ሽቦዎቹ እንደተቀያየሩ ይቆዩ።